ሠራተኛው የሚጠየቀው መቼ ነው?

ከከተማው መኻል ተነሥቶ በጀሞ ወይም በኃይሌ ጋርመንት በኩል ወደ ዳር የሚጓዝ ሰው ጥቂት እንደ ሄደ የፉሪን ተራራ ከፊቱ ያገኘዋል። ተራራው እንደ ጥንቱ በስፍራው ተቀምጧል፤ በግርጌው ያለው ሰፈር ግን ዓመት በዓመት መልኩ ይለወጣል። እርሻ በነበረው መሬት ላይ ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ ቤት በቅሏል። ከአዲስ አበባ ወደ ጂቡቲ ለሚወስደው አዲስ የምድር ባቡር የመንገደኛ መነሻ የሆነው የፉሪ ለቡ ጣቢያ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህም የስፍራው ስም ከአገር አልፎ እስከ ባሕር ዳርቻ ተሰምቷል።

ይሁን እንጂ ፉሪን በእውነት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ጧት ከ12 ሰዓት ጀምሮ በየመንገዱ ዳር የሚቆመውን ሕዝብ ማየት አለበት። አንዱ አካፋ ይዟል፤ አንዱ ማንካውን በጆንያ ጠቅልሏል፤ አንዷ ምሳዋን በፌስታል አንጠልጥላለች። ሁሉም የቀን ሥራ ፈላጊ ነው። ካቦው መጥቶ «አንተ፣ አንተ፣ አንቺ» እያለ በጣቱ ይቆጥራል፤ የተቆጠረው ይገባል፤ ያልተቆጠረው እስከ ረፋድ ጠብቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የገቡትም ብሎኬት ሲያመርቱ፣ ቤቶን በባሬላ ሲያመላልሱ፣ በመወጣጫ ላይ ቆመው ግድግዳ ሲለስኑ ይውላሉ። በየጥጉ ባሉት የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ቤቶች ደግሞ ከብየዳው ብልጭታና ከመጋዙ ጩኸት ጋር የሚውሉ ወጣቶች አሉ።

ዛሬ ለአንባቢያን ለማቅረብ የተነሣሁት ስለ እነዚህ ሰዎች ጤንነትና ደኅንነት ነው። ስለ ሄልሜትና ስለ ጓንት ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ የማነሣው ግን ከሄልሜቱም ከጓንቱም የሚቀድመውን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሠራተኛው የገዛ ሕይወቱን በሚመለከት ነገር ላይ ስለ መጠየቁ፣ ስለ መወከሉና ምክሩ ስለ መሰማቱ ነው።

ከመዝገቡ ያልገባው ነገር

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በአንድ ክረምት በፉሪ በሚሠራ ሕንፃ ላይ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ሥራው ቀላል ነው። ጧት የገባውን ሠራተኛ ስም በመዝገብ እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እየዞርሁ በሥራው ላይ መኖሩን አረጋግጣለሁ፤ በሳምንቱ መጨረሻ የእያንዳንዱን ሰው ቀን ደምሬ ለከፋዩ አስረክባለሁ። በመዝገቡ ላይ የስም፣ የሙያ፣ የቀንና የሒሳብ ዓምድ ተሰምሮበታል።

ከሠራተኞቹ መካከል ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንድ ለሳኝ ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ነበር። አንድ ቀን ስማቸውን ስጽፍ ጠጋ አሉኝና፣

«ልጄ፣ የሁለተኛው ፎቅ መወጣጫ አጣናው ነቅቷል። ዝናቡም ሲመታው ሰንብቷል። ትናንት ስወጣ ተንቋቋብኝ። ለካቦው ብትነግርልኝ ምን አለ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ለምን አይነግሩትም?» ብላቸው ፈገግ አሉ።

«እኔ ብናገር ነገ አትምጣ እባላለሁ። አንተ መዝገብ የያዝህ ሰው ነህ፤ አንተን ይሰሙሃል።»

እነግራለሁ አልሁ። ካቦው ግን በዚያ ቀን ሲሚንቶ ስለ ዘገየበት ይቆጣ ነበርና ፊቱን አይቼ ተውሁት። በማግሥቱም ረሳሁት። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አጣናው ተሰበረ። ጋሼና አንዲት ልስን አቀባይ ልጅ አብረው ወደቁ። ልጅቱ ከአሸዋ ክምር ላይ ስላረፈች እግዚአብሔር አወጣት፤ የእርሳቸው ግን የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ በመወጣጫ ላይ አልቆሙም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሥራው ኀላፊዎች መጥተው ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ። «አጣናው መንቃቱን ያየ ሰው አለ ወይ? ያየስ ለምን አልተናገረም?» ሲሉ ጠየቁ። አራት አምስት ሰዎች ቀደም ብለው ማየታቸውን ተናገሩ። እኔ መዝገቤን አቅፌ ዝም አልሁ። በዚያ ክረምት በሙሉ ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ ሲጠየቅ የሰማሁት በዚያች ቀን ብቻ ነው። በመዝገቡ ላይ ስንት ሰው እንደ ገባና ስንት ብር እንደሚከፈለው የሚጻፍበት ዓምድ ነበረ፤ ሠራተኛው ምን እንዳየ የሚጻፍበት ዓምድ ግን አልነበረም። ይህ ዓምድ ሊኖር ይገባል ብሎ ያሰበ ሰውም አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

አደጋን ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው?

መሐንዲሱ አንድ ምሰሶ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም በሒሳብ ያውቃል። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ የሚናቅም አይደለም። ነገር ግን ዛሬ ጧት የትኛው ጣውላ እንደ ተንቋቋ የሚያውቀው በጣውላው ላይ የቆመው ለሳኝ ነው። የኤሌክትሪኩ ገመድ ልባሱ መላጡን የሚያውቀው በያጁ ነው። የመጋዙ መከለያ ሥራ ያዘገያል ተብሎ ከተነሣ ስንት ወር እንደ ሆነው የሚያውቀው እንጨት የሚገፋው ልጅ ነው። በልብስ ስፌቱ አዳራሽ ውስጥ የትኛው በር ተቆልፎ እንደሚውል የምታውቀው በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሰፊ ናት። እንዲህ ያለው ዕውቀት በትምህርት ቤት አይሰጥም፤ በሥራው ላይ በመዋል የሚገኝ ነው።

ደግሞም አደጋ ሁሉ እንደ መወጣጫ መሰበር ድምፅ አያሰማም። የሲሚንቶ ብናኝ ቆዳን ቀስ በቀስ ይበላል፤ የድንጋይ ብናኝ በሳንባ ውስጥ ዓመታት ቆይቶ ነው ራሱን የሚገልጸው፤ የመጋዝ ጩኸት ጆሮን የሚያደነቁረው ሰውየው ሳያስተውለው ነው። ለዚህ በአገራችን የሚጠቀስ ምሳሌ በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ የደረሰው ነገር ነው። በእርሻው ሰፈሮች ይጠጣ የነበረው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ፣ ውሃውን ብዙ ዓመት የጠጡ ሠራተኞች የጀርባ አጥንታቸው እየደረቀ እስከ መጉበጥ ደርሰዋል። ሐኪሞች ይህን መርምረው የጻፉት በ1960ዎቹ ዓመታት ነው። ነገር ግን የልጆቹ ጥርስ መበለዝና የአባቶቹ ወገብ አልታጠፍ ማለት በሰፈሩ በዐይን የሚታይ ነገር ነበር። በሠራተኛው መካከል የሚታየው ምልክት ወደ ሐኪሙና ወደ አስተዳዳሪው ቶሎ የሚደርስበት መንገድ ሲኖር፣ ብዙ ወገብ ሳይጎብጥ ይተርፋል።

አበው «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ብለዋል። ለንጉሥ ምክር ካስፈለገው ለሥራ አስኪያጅና ለካቦ እንዴት አያስፈልገው?

ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ የሠራተኛ ውክልና አዲስ ነገር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛን ጉዳይ የሚመለከት ድንጋጌ በ1954 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ታወጀ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ሕጉም በ1968፣ በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. በሌላ ሕግ ተተክቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

ከዚያም በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታ ይዘረዝራል። አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው ማስገንዘብ፣ የመከላከያ መሣሪያና ልብስ መስጠትና አጠቃቀሙንም ማስረዳት፣ የደረሰውን ጉዳት መመዝገብና ለሥራ ቁጥጥር አገልግሎት ማሳወቅ አለበት። ከሁሉም ይልቅ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው፣ አሠሪው የደኅንነት ሠራተኛ እንዲመድብና የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም መታዘዙ ነው። እንግዲህ ኮሚቴ ማቋቋም የሕግ ትእዛዝ እንጂ የአሠሪ ቸርነት አይደለም።

አንቀጽ 93 ደግሞ ወደ ሠራተኛው ይመለሳል። ሠራተኛው ጤንነቱንና ደኅንነቱን የሚጠብቁት የሥራ ደንቦች ሲዘጋጁ መተባበር፣ በመሣሪያ ላይ ጉድለት ባየ ጊዜም ወዲያውኑ ለአሠሪው ማስታወቅ ግዴታው ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበል። በሕጉ ዐይን የጋሼ መናገር ድፍረት ወይም ውለታ ሳይሆን የሥራቸው አንድ ክፍል ነበር። መናገር ግዴታ ከሆነ መስማትም ግዴታ ነው።

በአንቀጽ 32 ያለውም ጠንካራ ነው። ለሠራተኛው ደኅንነት ወይም ጤንነት የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ፣ ሥልጣን ያለው አካል ወይም የሠራተኛው ማኅበር ወይም ሠራተኛው ራሱ ባስጠነቀቀው መሠረት በጊዜው እርምጃ ሳይወስድ ቢቀር፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ የሥራ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሦስት አስጠንቃቂዎች በአንድ መስመር ተቀምጠዋል፤ ባለሥልጣኑ፣ ማኅበሩና ሠራተኛው። የቀን ሠራተኛው ድምፅ በሕጉ ከባለሥልጣኑ ድምፅ ጎን ቆሟል ማለት ነው።

አገራችን አባል የሆነችበት የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው ቁጥር 155 ስምምነት ይህንኑ ሐሳብ ያጠናክራል። ሠራተኞች ወይም ወኪሎቻቸው ከሥራቸው ጋር የተያያዘውን የደኅንነትና የጤንነት ጉዳይ ሁሉ እንዲመረምሩና አሠሪው እንዲያማክራቸው፣ ለደኅንነት የሚደረገውም ወጪ በሠራተኛው ላይ እንዳይወድቅ ያዛል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ደኅንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተራ አስገብቶታል።

«ነገ አትምጣ»

ሕጉ ይህን ያህል ከተናገረ ጋሼ ለምን ፈሩ? መልሱ በራሳቸው ቃል ውስጥ ይገኛል። «ነገ አትምጣ» የሚለው ቃል ነው።

እርግጥ ነው፣ አዋጁ በአንቀጽ 26 ሠራተኛ የማኅበር አባል በመሆኑ፣ የሠራተኞች ተጠሪ ሆኖ በመሥራቱ ወይም በአሠሪው ላይ ቅሬታ በማቅረቡ ከሥራ ሊሰናበት እንደማይገባ ይናገራል። ይህ ጥበቃ የሥራ ውሉ ለሚቀጥል ሠራተኛ ትልቅ ጋሻ ነው። ጧት ተቆጥሮ ማታ ለሚሰናበት ሰው ግን ካቦው «አባረርሁህ» ማለት እንኳ አያስፈልገውም። በማግሥቱ ጣቱን ወደ ሌላ ሰው መቀሰር ይበቃዋል። ምክንያቱን የሚጠይቀው የለም፤ በጽሑፍም አይገኝም።

በፉሪና በመሰሎቿ ሰፈሮች ሁለት ሌሎች ችግሮች ይጨመራሉ። የመጀመሪያው ሥራው በእጅ በእጅ መተላለፉ ነው። ባለቤቱ ለተቋራጩ ይሰጣል፤ ተቋራጩ ልስኑን ለአንዱ፣ ብረቱን ለሌላው ያከፋፍላል፤ እነዚህም በካቦ በኩል ሰው ይቀጥራሉ። አጣናው በነቃ ጊዜ «ይህ የእኔ አይደለም» የሚል ሰው ከአራት ወገን ይገኛል። ሁለተኛው የድርጅቶቹ ማነስ ነው። በሕጉ መሠረት የሠራተኛ ማኅበር የሚቋቋመው አሥር ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ነው። በአንድ ብረታ ብረት ቤት ውስጥ ግን አራት ወይም አምስት ሰው ቢገኝ ነው።

ሆኖም ለዚህ ለሁለተኛው ችግር አዋጁ መውጫ አበጅቶለታል። ከአሥር በታች ሠራተኛ ባላቸው ልዩ ልዩ ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ቁጥራቸው አሥር ከሞላ በአንድነት አንድ ማኅበር ሊያቋቁሙ ይችላሉ። በአንድ መንገድ ዳር ተሰልፈው ያሉ ሦስት ብረታ ብረት ቤቶችና ሁለት እንጨት ሥራ ቤቶች ሠራተኞቻቸው ቢደመሩ ከአሥር ያልፋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንዱ በያጅ ብቻውን ሊናገረው የሚፈራውን ነገር የአምስት ቤት ሠራተኞች የመረጡት ሰው በስማቸው ሊናገረው ይችላል። የውክልናም ጥቅሙ ይኸው ነው። ተወካዩ ሲናገር ቃሉ የማኅበሩ ይሆናልና «ይህን ያለው ማን ነው?» ተብሎ የሚፈለግ አንድ ሰው አይኖርም።

ማኅበር ባለበት ስፍራ ደግሞ የሕብረት ስምምነት አለ። የሥራ ደኅንነትና ጤንነት አጠባበቅ በሕብረት ድርድር ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ መሆኑ በሕግ ተጽፏል። በመሆኑም ሠራተኞች ስለ ደመወዝ ጭማሪ ሲደራደሩ ስለ መወጣጫውና ስለ ብናኙም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሊነጋገሩ ይችላሉ፤ ሊነጋገሩም ይገባቸዋል።

የሌላው አገር ትምህርት

ሠራተኛው ያየው ነገር ሳይሰማ ሲቀር ምን እንደሚደርስ ዓለም ሁሉ የተማረው በባንግላዴሽ ነው። በዳካ ከተማ አቅራቢያ በሳቫር የነበረው ራና ፕላዛ የተባለ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ በላይኛው ክፍል የልብስ ፋብሪካዎች፣ በታችኛው ክፍል ባንክና ሱቆች ነበሩበት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 2013 በግድግዳውና በምሰሶዎቹ ላይ ስንጥቅ ታየ። ባንኩና ሱቆቹ ተዘጉ። የልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግሥቱ ጧት እንዲገቡ ታዘዙ፤ ብዙዎቹም ደመወዛችሁ ይቀራል ተብለው እየፈሩ ገቡ። ሕንፃው ጧት በሥራ ሰዓት ተናደ። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ፤ ከሁለት ሺሕ የሚበልጥ ሰው ቆሰለ።

ስንጥቁን ያላየ ሠራተኛ አልነበረም ለማለት ይቻላል። የጎደለው በአንድ ቃል ቆመው «አንገባም» የሚሉበት ማኅበር ነው። ከአደጋው በኋላ በወሩ፣ ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራትና ልብሱን የሚገዙት ትልልቅ ነጋዴዎች አስገዳጅ የሆነ ስምምነት ተፈራረሙ። በስምምነቱም የፋብሪካዎቹ ምርመራ፣ በፋብሪካው ውስጥ የደኅንነት ኮሚቴ መቋቋምና ሠራተኛው አደገኛ ከሆነ ሥራ ራሱን የማራቅ መብት ገባበት። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ሆነ።

እንግሊዞች ደግሞ ምክክርን በደንብ ያቆሙበት መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የሥራ ጤንነትና ደኅንነት ሕግ አወጡ፤ በ1977 ደግሞ ስለ ደኅንነት ተጠሪዎችና ስለ ደኅንነት ኮሚቴዎች የሚናገረውን ደንብ አስከተሉ። በደንቡ መሠረት ተጠሪውን የሚመርጠው የሠራተኛው ማኅበር ነው። ተጠሪው በየሦስት ወሩ የሥራውን ስፍራ ለመመርመር መብት አለው፤ ለዚህ ሥራ የሚያጠፋውም ጊዜ ደመወዝ ይከፈልበታል። ሁለት ተጠሪዎች በጽሑፍ ከጠየቁ አሠሪው ኮሚቴ ማቋቋም አለበት። በዚህ ደንብ ውስጥ ጥልቅ ፍልስፍና የለም፤ ማን ይመርጣል፣ መቼ ይመረምራል፣ ጊዜውን ማን ይከፍላል ለሚሉት ጥያቄዎች ግን ቁርጥ ያለ መልስ አለ።

በወረቀት ላይ የሚኖር ኮሚቴ

ኮሚቴ ማቋቋም በአገራችን ከባድ አይደለም። ከባዱ ኮሚቴው በሕይወት እንዲኖር ማድረግ ነው። የአባላቱ ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ግን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ያልተሰበሰበ ኮሚቴ ሁላችንም እናውቃለን። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከፋይል ይወጣል፤ ተቆጣጣሪው ሲሄድ ወደ ፋይሉ ይመለሳል።

ከትንሽ ልምዴና ከንባቤ በመነሣት፣ አንድ ኮሚቴ በሕይወት መኖሩ የሚታወቀው በእነዚህ ነገሮች ይመስለኛል። አንደኛ፣ የሠራተኛው ተወካይ በሠራተኛው የተመረጠ መሆን አለበት። በአሠሪው የተሾመ ተወካይ የሚወክለው ሿሚውን ነው። ሁለተኛ፣ ከየሙያው ሰው ይኑርበት፤ ለሳኙ የበያጁን አደጋ ሁሉ አያውቅም። ሴቶች በብዛት በሚሠሩበት ስፍራ ሴት ተወካይ የሌለችበት ኮሚቴ ግማሹን ነገር ሳያይ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ስብሰባው በሥራ ሰዓት ይሁን፤ ሠራተኛው ከምሳ ዕረፍቱ ወይም ከመሸ በኋላ ካለችው ጊዜው ቆርሶ እንዲሰበሰብ አይገደድ። አራተኛ፣ መዝገብ ይኑረው፤ በመዝገቡም ላይ የታየው ጉድለት፣ የታየበት ቀን፣ እንዲያስተካክል የታዘዘው ሰውና የተስተካከለበት ቀን ይጻፍ። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ሆኖ ከሰነበተ የሚጠየቀው ሰው ይታወቃል። አምስተኛና ዋነኛው፣ ሠራተኛው የሚማከረው አዲስ መሣሪያ ከመተከሉ፣ የሥራው አሠራር ከመለወጡ በፊት ይሁን። ውሳኔው ካለቀ በኋላ ሰብስቦ መንገር ማማከር አይባልም፤ ማስታወቅ ይባላል።

አንዳንድ አሠሪዎች ይህን ሲሰሙ «ሥራው ይዘገያል፤ ወጪውም ይበዛል» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። የነቃ አጣና ለመለወጥ የሚያስፈልገው ግማሽ ቀን ነው። በፉሪው ሕንፃ ላይ ግን ከአደጋው በኋላ ሥራው ቀናት ሙሉ ቆሟል፤ መወጣጫው በሙሉ ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል፤ ልምድ ያለው ለሳኝ ጠፍቷል። በሕጉም ቢሆን አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኀላፊ ነው። ሕክምናውም ካሣውም ይጠብቀዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለአሠሪው ኪስም የሚጠቅም ምክር ነው።

ሠራተኛውም ከወቀሳ ነጻ አይደለም። የተሰጠውን ሄልሜት ከጥግ አስቀምጦ በባዶ ራሱ የሚሠራ፣ መነጽር ሳያደርግ በግራይንደር ብረት የሚቆርጥ፣ «እግዜር ያውቃል» ብሎ በአንድ ጣውላ ላይ የሚሻገር ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ሄልሜቱ ለራሱ የማይሆን፣ በሙቀት የሚያቃጥል፣ ጎንበስ ሲል የሚወድቅ በሆነ ጊዜ ሠራተኛው ይጥለዋል። ሳይገዛ በፊት ሠራተኛው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ የሚሆነው ዐይነት በተገዛ ነበር። ሰው የመከረበትን ደንብ ያከብራል፤ ከላይ የወረደበትን ደንብ ግን ተቆጣጣሪው ዞር እስኪል ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ለተማሪውና ለወጣቱ ሹም

ይህን ገጽ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ተማሪዎች ወይም በቅርቡ የቢሮ ሥራ የያዙ ወጣቶች ናቸው። «ይህ የቀን ሠራተኛና የፋብሪካ ሠራተኛ ጉዳይ እንጂ እኛን ምን ይመለከተናል?» የሚል ሊኖር ይችላል። እርግጥ ነው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚተዳደረው በራሱ ሕግ ስለሆነ አዋጅ ቁጥር 1156 እርሱን አይመለከትም። ነገር ግን ነገ የሥራ ተቆጣጣሪ ሆኖ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ወደ ፋብሪካው የሚገባው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚመረምረው፣ መሐንዲስ ሆኖ በመወጣጫው ሥር የሚያልፈው፣ የሰው ኀይል ኀላፊ ሆኖ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ዛሬ ይህን የሚያነብ ሰው ነው።

ለዚያ ሰው አንድ ልመና አለኝ። ወደ አንድ የሥራ ስፍራ በሄድህ ጊዜ፣ እኅቴም በሄድሽ ጊዜ፣ ከኀላፊው ቢሮ ቡና ጠጥታችሁ፣ የተለጠፈውን የኮሚቴ ዝርዝር ተመልክታችሁ ብቻ አትመለሱ። ወደ ውስጥ ግቡና ከሠራተኛው አንዱን «ተወካይህ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ስሙን ወዲያው ከነገራችሁ ኮሚቴው በሕይወት አለ። «የምን ተወካይ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ግን በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ምን እንደ ሆነ ገብቷችኋል ማለት ነው። ቀጥሎም «ከሥራህ ውስጥ የሚያስፈራህ ምንድን ነው?» በሉት። መልሱንም ጻፉት። ስሙን ግን አትጻፉ፤ ነገ ለሥራ የሚመለስ ሰው ነውና።

ተማሪዎችም በክረምት ዕረፍት ወይም ለልምምድ ወደ ሥራ ስፍራ ትሄዳላችሁ። እኔ እንደ ነበርሁት መዝገብ ይሰጣችሁ ይሆናል። በእጁ መዝገብ የያዘ ሰው፣ ዕድሜው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ከለሳኙና ከባሬላ ተሸካሚው ይልቅ ይሰማል። ይህ መሆን አልነበረበትም፤ ግን ዛሬ እንዲህ ነው። ሠራተኛው በራሱ ተወካይ የሚናገርበት ጊዜ በየስፍራው እስኪደርስ ድረስ፣ የሰማነውን አለማድረስ የእኛ ጥፋት ይሆናል።

ከዚያ ክረምት በኋላ ጋሼን አንድ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። ከፉሪ መንገድ ዳር በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሶፍትና ማስቲካ ይሸጡ ነበር። ምርኩዛቸው ከአጠገባቸው ተደግፏል። ስለ አጣናው ነግሬ እንደ ሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኋቸውም። ሳልፍ ግን ማዶ በሚሠራው ሌላ ሕንፃ ላይ የተሠራውን መወጣጫ አሻግረው ይመለከቱ ነበርና፣

«ልጄ፣ ያ በስተቀኝ ያለው ማሰሪያው ላልቷል፤ ለአንዱ ንገራቸው» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ ሄጄ ተናገርሁ።